ጅማ ላይ ሁለቴ ነው

ስለዚያ ፊልም በሰላም ማውራት አልችልም። ይህን አስቀድሜ መናገር ይሻለኛል። በቅርቡ አዲስ አበባ አንዲት ወዳጄ ቤት ምሳ ተጠርቼ ሄጄ ሳለ፣ እንግዶቹ ስለዚያ የፈረንጅ ሮክ ባንድና መድረክ ላይ ሲጫወት ስለተቀረጸው ፊልም ወሬ ጀመሩ። «ምን ዓይነት ውበት ነው!» አለ አንዱ። «ወጣትነቴን መለሰልኝ» አለች ሌላዋ። ሳህኔን አስቀምጬ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ወዳጄ ምግቡ ያልተስማማኝ መስሏት ውሃ ይዛ ተከተለችኝ። ምግቡ ምንም አልነበረውም። ደሜ ፈልቶ ነው።

እኔ ያንን ፊልም ያየሁት ጅማ ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ ከወንድሜ ጎን ተቀምጬ።

ባንዱ ጅማ የገባው በካሴት ነበር። ከገበያው አጠገብ ካሴት እየቀዱ የሚሸጡ ሰው ነበሩ፤ ሱቃቸው ሁለት ሰው አይዝም፣ ድምፁ ግን መንገዱን ሁሉ ይሞላል። በከተማው ውስጥ ከእሳቸው እጅ ያልወጣ የዚያ ባንድ ካሴት አልነበረም። የጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ልጆችም፣ ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው ኮሌጅ የሚማሩትም፣ የአቅራቢያው ከተሞች የቡም ደዶም የሚሰማው የእሳቸውን ቅጂ፣ ወይም የቅጂያቸውን ቅጂ ነው። የዘፋኞቹን መልክ አናውቅም። ግጥሙንም አናውቅም፤ እንግሊዝኛ የመሰለንን እየጮህን እንሞላዋለን። ግን የእኛ ነበሩ። ስለእነሱ ክፉ የተናገረ ከእኔ ጋር ይጣላል፤ «ሴት ልጅ ስለ ጊታር ምን አገባት» ያለኝም የሚገባውን ሰምቶ ነው የሚሄደው።

ታላቅ ወንድሜ የቡ ከተማ፣ ቡና መፈልፈያ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ሲመሽ ፀጉሩ ገለባ ለብሶ በጭነት መኪና ይመለሳል። በዕረፍቱ ደግሞ የቀበሌው ኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች ነው። ጊታሯ የቀበሌው ናት፤ ልምምድ ሲያልቅ የቀበሌው ሊቀመንበር ቢሮ ተቆልፎባት ታድራለች። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚለማመደው ጣውላ ላይ ነበር። በምስማር መስመር ጭሮበት፣ በግራ እጁ ጣቶች እየረገጠ፣ ድምፁን በአፉ ያወጣዋል። እናታችን ምስር እየለቀመች ታዳምጠዋለች። «ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ ይሄ እንጨት መቼ ነው የሚናገረው?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል፤ እሷ ግን ሳይታወቃት ዜማውን ይዛው ልብስ ስታጥብ ታንጎራጉረው ነበር።

አንድ ዘፈን ነበር። መሃሉ ላይ ዘፋኙ ዝም ይልና ጊታሯ ብቻዋን ትወጣለች። ዳገት እንደሚወጣ ሰው ቀስ ብላ ጀምራ፣ ጫፍ ስትደርስ ትጮሃለች። ከዚያ፣ አበቃች ስንል፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ ያንኑ ዳገት ከግርጌው ጀምራ እንደገና ትወጣዋለች። እኛ «ሁለተኛዋ» እንላት ነበር። ሻይ ቤት ውስጥ ሁለተኛዋ ስትመጣ ሰዉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ለእኛ ዘፈኑ ማለት ሁለተኛዋ ነበረች።

ወንድሜን እንቅልፍ የነሳችውም እሷ ናት። «የመጀመሪያዋን አግኝቻታለሁ» ይለኛል። «ግን የተጫዋቹ እጅ ከዚያ ጫፍ እንዴት ነው በአንዴ የሚመለሰው? መሃል ላይ ክፍተት የለም እኮ! ሰው እጁን ለማውረድ ጊዜ አይፈልግም?» ጣቶቹ እስኪቀሉ ይሞክራል። ሁልጊዜ ይዘገያል። ተናዶ ጣውላውን ይወረውርና መልሶ ያነሳዋል።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አልነበረም። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞርበት ጊዜ ነው። የክፍለ ሀገሩ ኪነት ጊታር ተጫዋች ይፈልግ ነበር፤ እዚያ የገባ ልጅ ለውትድርና አይነካም ይባላል። ፈተናው ቀርቧል፤ ሊቀመንበሩም ስሙን ሊያስተላልፍለት ቃል ገብቷል። እናቴ ቃሉን አላመነችም። «ደዶ አጎትህ ዘንድ ሂድ፤ ማሳ ውስጥ ማን ያይሃል» እያለች ትለምነዋለች። እሱ አሻፈረኝ አለ። ሁለተኛዋን መጫወት ከቻለ ፈታኞቹ እንደማይለቁት እርግጠኛ ነበር። ያን ሰሞን ነው የፊልሙ ማስታወቂያ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው። «እጁን አያለሁ» አለኝ። «አንድ ጊዜ እጁን ብቻ ልይ፤ ሌላው የእኔ ሥራ ነው።»

እሁድ ከሰዓት ነበር። የየቡ ልጆች ቡና በጫነ መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው መጡ። የኮሌጅ ተማሪዎች አፍሯቸውን አበጥረው መጡ። ሊቀመንበሩ ካኪውን ለብሶ መጣና ከፊልሙ በፊት ማብራሪያ ሰጠ፤ ያኔ ያለ ማብራሪያ የሚታይ ነገር የለም። «ይህ የምታዩት የከበርቴው ሥርዓት ወጣቱን እንዴት አድርጎ እንዳደነዘዘ...» እያለ ሄደ፣ ሄደ። አንድ የኮሌጅ ልጅ ከኋላ «ጓድ፣ እኛም ደነዘዝን፣ ይጀመርልን!» ብሎ ጮኸና ሳቅ ሆነ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም።

መብራት ጠፍቶ ፊልሙ ጀመረ። የመጀመሪያው ቅሬታ መልካቸው ነበር። በዚያ ድምፅ ግዙፍ ሰዎች ጠብቀን፣ ዘፋኙ ነፋስ የሚጥለው ከሲታ ሆኖ ተገኘ። «ይሄ ነው እንዴ?» አለ ከፊቴ የተቀመጠው የየቡ ልጅ። «ይሄማ አንድ ጆንያ ቡና አያነሳም!» ቢራ ሲጠጡ ሲታዩ አንድ አዛውንት «አስተግፊሩላህ!» ብለው ተነስተው ወጡ፤ በሩ ጋ ቆመው ማየታቸውን ግን አልተዉም። ከሁሉ የሚያናድደው ካሜራው ነበር። ጊታሯ ስትጀምር የዘፋኙን ፀጉር ያሳያል፤ ጊታሯ ስትጮህ አንዲት የምታለቅስ ፈረንጅ ያሳያል። ወንድሜ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። «እጁን! እጁን አሳዩን እንጂ!» እኔም አብሬው እጮሃለሁ። ያን ፊልም የቀረጸው ሰው በሕይወቱ ጊታር ነክቶ አያውቅም፤ ይህን እስከ ዛሬ እምላለሁ። ስንት አገር አቋርጦ ጅማ ደርሶ የሚያሳየን ላብ ነው።

በመጨረሻ ዘፈኗ መጣች። ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ቆመ። ዘፋኙ ዝም አለ፣ ጊታሯ ዳገቱን ጀመረች፣ ካሜራውም ምን እንደነካው እንጃ ቀጥ ብሎ ወደ እጁ ሄደ። ወንድሜ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ጣቶቹ ወጡ፣ ወጡ፣ ጫፍ ደረሱ። ጊታሯ ጮኸች። አሁን ነው፣ አልኩ በልቤ። ዘፋኙ አፉን ከፍቶ መዝፈን ጀመረ።

ሁለተኛዋ የለችም።

ከዚያ የየቡ ልጆች «ቆረጡት!» ብለው ጮኹ፤ ቤቱ ሁሉ ተቀበላቸው።

ማን ይፍረድብን? ያኔ ያልተቆረጠ ነገር ምን ነበር? የህንድ ፊልም ላይ ወንዱና ሴቷ ሊሳሳሙ ሲጠጋጉ ብልጭ ይልና ሁለቱም ሌላ ከተማ ይገኛሉ። ጋዜጣው የተቆረጠ ነው፣ ዜናው የተቆረጠ ነው። ትናንት አጠገባችን ሻይ ሲጠጣ የነበረ ሰው ዛሬ አይኖርም፤ የት ሄደ ብሎ መጠየቅም የለም። በእንዲህ ያለ አገር አንድ ነገር ሲጎድል ሌላ ምን ይታሰባል?

ፊልሙን የሚያጫውተው ሰውዬ በትንሿ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ወላሂ አልነካሁትም! እንደመጣ ነው!» እያለ ይምላል። የሚያምነው አልነበረም። ፊልሙ ቆሞ መብራት በራ። ሊቀመንበሩ ከፊት ወጥቶ እጁን ዘረጋ። እሱም ስለ ነገሩ የሚያውቀው እንደሌለ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ግን አላውቅም ማለት ለሱ ሞት ነው። «አዎን፣ ተቆርጧል!» አለ። «ለአብዮቱ የማይበጅ ሁሉ ይቆረጣል! ወደፊትም እንቆርጣለን!»

ወንድሜ ሰው ፊት ቆሞ መናገር የማይወድ ሰው ነበር። ያን ዕለት ግን ወንበሩ ላይ ወጣ። «ምን በደለቻችሁ?» አለ። «ቃል እንኳ የላትም እኮ! ጊታር ናት! መልሱልን!» ቤቱ «ሁለተኛዋ! ሁለተኛዋ!» እያለ ወለሉን በእግሩ ይደበድባል። እኔ ከሁሉ በላይ እጮህ ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ዓይኑ ያረፈው በሚያውቀው ፊት ላይ ነበር፤ በራሱ ጊታር ተጫዋች ላይ። አብዮት ጠባቂዎቹ በሩ ላይ ጠብቀው ወሰዱት።

እናቴ ሊቀመንበሩ ዘንድ ቀበሌ ሄደች። «ጌታዬ፣ ልጅ ነው፣ በዘፈን ነው እኮ!» አለችው።

«እናት፣ ይህ የዘፈን ጉዳይ አይደለም። ሕዝብ አነሳስቷል» አላት።

እሱ ታስሮ ሳለ የባንዱ ወዳጆች ሻይ ቤት ተሰብስበው ሁለተኛዋ ለምን እንደተቆረጠች ይከራከሩ ነበር። አንዱ የኮሌጅ ተማሪ ውስጧ ለወጣቱ የተላከ ምስጢር አለ ይላል። ሌላው፣ በትልቅ ድምፅ የሰማት ሰው ያብዳል፣ ለዚያ ነው የፈሯት ይላል። ሁሉም የተበደለ ይመስላል፤ ሁሉም ፊልሙን ይረግማል። ቀበሌ ሄዶ ልጁን ልቀቁት የሚል ግን አልተገኘም። አንድ ቀን ወሬያቸው መሃል ገብቼ «እናንተ ጊታር ተቆረጠባችሁ፤ እኔ ወንድሜን ነው የወሰዱብኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ከዚያ ወዲያ እዚያ ሻይ ቤት አልገባሁም።

ፈተናው እሱ እስር ላይ እያለ አለፈ። ወደ ቤትም አልመለሱትም፤ ከሚቀጥለው ዙር ዘማች ጋር ደመሩት።

የሽኝቱን ቀን ሳስታውስ አንጀቴ ያርራል። ዘማቾችን የሚሸኘው የቀበሌው ኪነት ነበር። ወንድሜ መኪናው ላይ ቆሟል፤ ከታች የሱ ጊታር ሌላ ልጅ አንገት ላይ ተንጠልጥላ ታላዝናለች፣ ክሯ እንኳ በወጉ አልተቃኘም። ልጁን አልወቅስም፣ ታዝዞ ነው። ሊቀመንበሩ ግን ያጨበጭብ ነበር። መኪናው ሲነሳ ወንድሜ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ያልተቆረጠውን ፈልጊልኝ» አለኝ። «እስክመለስ አግኝተሽ ጠብቂኝ።»

አልተመለሰም። ሰሜን ነው የቀረው፤ ቦታውን የነገረን የለም።

ደርግ ወደቀ፣ እኔም ሥራ ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ፍለጋዬን አልተውኩም። አንድ ቀን ብዙ ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ቤት የዘፈኗን ኦሪጅናል አገኘሁና አጫውትልኝ አልኩት። ጊታሯ ወጣች፣ ጮኸች፣ ዘፋኙ ገባ።

«ሸክላህ ይዘላል» አልኩት።

«አይዘልም» አለኝ። መርፌውን መልሶ አስቀመጠ። አሁንም አንድ ጊዜ። ደግሞ አስደገምኩት።

«እትዬ፣ ይሄ ዘፈን ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ነው» አለኝ። ውሸታም ብዬው ወጣሁ።

ጅማ ስሄድ ቤቴ ከመግባቴ በፊት ወደ ካሴት ሻጩ ሄድኩ። አርጅተው ሱቃቸው በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። «ጋሼ፣ ያቺ ሁለተኛዋ የምንላት፣ እርስዎ ካሴት ላይ ከየት መጣች?» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ታስታውሻታለሽ? ማጫወቻው የማባዛበትን ዋና ካሴት በላብኝ እኮ፣ ልክ እዚያ ጊታሩ ላይ! ከሌላ ቅጂ ቆርጬ በስኮች ፕላስተር ቀጠልኩበት። ለካ ጊታሩን ደግሜዋለሁ። ላስተካክለው ስል ልጆቹ ወደዱት። ኤጋ፣ እንግዲህ እኔም ተውኩት።» በኩራት ሳቁ። «መጋጠሚያው ላይ ኪሽ እንኳ አይልም!»

ልጮህባቸው ከጅሎኝ ነበር። እሳቸው ምን አጠፉ? ማንንም አላሰሩ፣ ማንንም አላዘመቱ። ወንድሜ ያን ያህል የደከመው የሰው እጅ የማይችለውን ሊጫወት ነበር። ጣቶቹ ሰንፈው አልነበረም፤ ይህን የነገረው ሰው ሳይኖር ሄደ። ንዴቴ እንግዲህ ወደ ቦታው፣ ወደ ካኪ ለባሹ ተመለሰ። ዘመናቸውን ሙሉ ሲቆርጡ ኖረው አንድ ቀን፣ አንድ ፊልም ሙሉውን አሳዩን፤ ሰውየው ግን «አልቆረጥንም» ማለት አልሆነለትም። ባልሠራው ሥራ ፎከረ፣ ለፉከራው ወንድሜን ከፈለ። ዛሬም በሕይወት አለ፣ ጡረታውን እየበላ ነው ይሉኛል።

እናቴ ቤት ውስጥ ምስር ትለቅም ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፊልሙ ሙሉ እንደነበር፣ ሁለተኛዋ የካሴት ቅጥል እንደሆነች። ዜማዋን በአፏ ጀመረቻት፤ ወጣች፣ ጫፍ ደረሰች፣ ሳትተነፍስ ከግርጌው እንደገና ጀመረች። ልጇ ጣውላው ላይ ሆኖ በአፉ ያወጣት እንደነበረው፣ ሁለቴ።

«እነሱ ፈረንጆቹ አንዴ ከበቃቸው የራሳቸው ጉዳይ» አለች። ከዚያ እጇን ከሰፌዱ አንስታ ቀና ብላ አየችኝ።

«ታዲያ ካልተቆረጠ፣ ያ ሰውዬ ቆርጠናል ያለው ምኑን ነው?»

ሰፌዱን ከጭኗ ላይ ተቀብያት መልቀም ጀመርኩ። ዓይኔ ምስሩን ከጠጠሩ አይለይም ነበር።