ለውሻው የተደፋው መረቅ

እንቁላል በፈላ ውሃ ውስጥ እርስ በርሱ ሲጋጭ የሚያሰማውን ድምፅ ስሰማ ዛሬም ክው እላለሁ። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ሦስት እንቁላል ጥዳ ወደ ጓሮ ወጣ ስትል፣ ድስቱ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር፣ እጄ ሳላዘው ጭኔን ጨብጦ አገኘሁት። ያ ድምፅ በልጅነቴ የመርፌ ድምፅ ነበር። በደርግ ጊዜ መርፌ እንደ ዛሬው አንዴ ተወግቶበት አይጣልም፤ የብርጭቆ ስሪንጋው ከነመርፌው በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ቡታጋዝ ላይ ይቀቀል ነበር፣ እኛም ሕፃናቱ ቀጭ ቀጭታውን ስንሰማ ገና ማንም ሳይነካን ማልቀስ እንጀምር ነበር።

የተወለድኩት ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለች መንደር ነው። አባቴ ሰይድ ቃሉ የማይመለስ ገበሬ ነበር፤ ልጆቼ እንደሚሉት ከሆነ እኔም እሱኑ ወጥቻለሁ። ማሽላው ታጭዶ በሚወቃበት ወቅት ሳል ጀመረኝ፤ አውድማው ላይ ከሚነሳው አቧራ ነው ተባለ፣ ዱዓ ተደረገልኝ፣ ማር በነጭ ሽንኩርት ተሰጠኝ፣ ሳሉ ግን ከአቧራው ጋር አብሮ አልሄደም። ጥር ላይ ደም ስተፋ አባቴ ከገበሬ ማኅበሩ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ አጽፎ፣ በአራት ጎረምሶች ቃሬዛ አስይዞ፣ እናቴን ከኋላ አስከትሎ ከተማ አወረደኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። የሐኪም ቤቱን ስም አልጽፍም፣ የነበሩት ሰዎች ወይ አርጅተዋል ወይ አልፈዋል። በሽታው የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ በየቀኑ መርፌ ታዘዘልኝ፤ ሐኪሙም ለእናቴ «መርፌው ብቻውን አያድነውም፤ ሥጋ፣ መረቅ፣ ወተት፣ ያገኘሽውን አብይው» አላት።

የሕፃናቱ ክፍል ኃላፊ ሲስተር አጸደ ትባል ነበር። ከአምባሰል፣ ከግሸን ግርጌ የመጣች፣ ረጅም፣ ድምፅዋ ወፈር ያለ ሴት ነበረች። ሁልጊዜ ትቸኩል ነበር፤ ሃያ አልጋ ለእሷና ቁስል ለሚያጥብ አንድ ድሬሰር ነበር የተተወው። እናቴ ፈርታት «እርስዎ» ስትላት «ኧረ እታለም፣ አንቺ በይኝ፣ አታስረጂኝ» እያለች ታልፍ ነበር። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ነጭ የቆርቆሮ ሳህን በመረቅና በተከተፈ ሥጋ ተሞልቶ ይመጣልኝ ነበር፤ በሳህኑ ጠርዝ ላይ በቀይ ቀለም የተሳለ ነገር ነበረበት።

ያን ሳህን እናቴ አንድም ቀን አላበላችኝም። አባቴ በገባን ዕለት በሩ ላይ ቆሞ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ሥጋውን ማን እንዳረደው አናውቅም። ልጄ የክርስቲያን ሥጋ በልቶ ከሚድን እስላም እንደሆነ ይሙትልኝ» ብሏት ነበር። በእኛ አገር ክርስቲያንና እስላም በሠርግ በሐዘን አይለያይም፣ ሥጋ ላይ ግን ይለያያል፤ ይህን የወሎ ሰው ሁሉ ያውቃል። ነፍስ ስትጨነቅ ሃይማኖቱ ራሱ እንደሚያቀል ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ በራሴ አንብቤ ነው፤ አባቴ ያን አያውቅም ነበር፣ እናቴም አባቴን ደፍራ አትጠይቅም ነበር። ስለዚህ ሳህኑ ሲመጣ በነጠላዋ ሸፍና ትቆይና ሰው ዞር ሲል በኋለኛው መስኮት ትደፋዋለች፤ መስኮቱ ሥር አንድ ቡራቡሬ ውሻ ሰዓቱን አውቆ ይጠብቅ ነበር። እኔ ዳቦ በሻይ እበላለሁ፣ እሷ ከእኔ የተረፈውን ትበላለች። ከሁላችን ቀድሞ የዳነው ውሻው ነበር።

ብቻዋን አልነበረችም። አጠገቤ ባለው አልጋ ዘሀራ የምትባል የአምባሰል ልጅ፣ በዕድሜ እኔን የምታክል፣ ያው በሽታ ይዟት ተኝታ ነበር። እናቷና እናቴ ወዲያው ተዋደዱ፤ አንዷ በሩን ስትጠብቅ አንዷ ትደፋለች፣ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ዘሀራ ሳህኑ በመስኮት ሲያልፍ በዓይኗ ትከተለው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት አልጋዋ ላይ አንሶላው ተነስቶ ፍራሹ ብቻ ቀርቶ አየሁ። ማንም ምንም አልነገረኝም።

ሐኪሙ ዓርብ ዓርብ ይመጣ ነበር፣ ሚዛን ላይ የምንወጣውም ያን ዕለት ነው። ከዘሀራ በኋላ ባለው ዓርብ እንደገና ቀንሼ ስገኝ «መድኃኒቱ አልሠራለትም። በሚቀጥለው ዓርብም ከቀነሰ ቤቱ ይግባ፣ አልጋ የሚጠብቅ ልጅ አለ» አለ። ቤቱ ይግባ ማለት ምን እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ ደግሞ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበረኝ። አንድ ቀን እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሳህኑን ከነጠላው ሥር አውጥቼ ሦስት ጉንጭ መረቅ ጠጥቼ ነበር። ሞት የመጣብኝ በዚያ ነው ብዬ ቆረጥኩ።

ሰኞ ጠዋት ሲስተር አጸደ ልትወጋኝ ስትጎነበስ እንባዬ አመለጠኝ።

«ሲስተር፣ የምሞተው ሐራም ስለቀመስኩ ነው ወይ?»

«ምን ቀምሰህ ነው የኔ ጌታ?»

«የእናንተን ሥጋ።»

መርፌው በእጇ እንዳለ ቆመች። «የኛን? የኛን ማን ሰጠህ?»

እናቴ ከአልጋው ግርጌ ተነሳች። «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ ልጁን አትንኩት። ከመጣን ጀምሮ በመስኮቱ ነው የምደፋው። ወላሂ ለሌላ ክፋት አይደለም፣ ፈርቼ ነው» አለች።

ድሬሰሩ ከወዲያ ማዶ ሰምቶ ኖሮ፣ «ሰማችሁ! ልጇን የምትገድል እናት! እኔኮ ያ ውሻ ምን እየበላ ነው እንዲህ የሰባው እያልኩ ነበር» ብሎ ጮኸ። ሲስተር አጸደ ዞር ብላ ሳታየው «አፍህን ያዝ» አለችው። ከዚያ ባዶውን ሳህን አንስታ በቀይ የተጻፈውን ለእናቴ አሳየቻት።

«እታለም፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«አበባ አይደል እንዴ? ለጌጥ ያደረጋችሁት።»

«ጌጥ አይደለም» አለች ሲስተር አጸደ፣ ያ ወፍራም ድምፅዋ ቀጥኖ። «የእስላም ይላል። ኩሽናው ውስጥ ሁለት ድስት አለ። ለእናንተ የሚያርዱት ሼህ ይማም ናቸው። ይኼ ልጅ በገባበት ቀን ስሙ ካርድ ላይ ሲጻፍ ሳህኑም አብሮ ተለይቷል።»

ይህን ስጽፍ ስንት ዓመት አልፎ እንኳ እጄ ይከብደኛል። አንድ ወር ሙሉ ለውሻ የደፋነው የራሳችን ሥጋ ነበር። እናቴ አላለቀሰችም፤ አፏን ከፍታ የዘሀራ የነበረውን አልጋ አየች፣ ከዚያ «የዘሀራስ?» አለች።

የዘሀራ ሳህንም ያው ቀይ ጽሑፍ ነበረበት። ልጅቱን በሽታው ይግደላት ረሃቡ ማንም አያውቅም፤ እኔም ከማውቀው በላይ አልናገርም። ሲስተር አጸደ ግን ነጭ ልብሷን ሳታስብለት ሲሚንቶው ላይ፣ እናቴ እግር ሥር፣ ቁጭ አለች። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከገበሬ ሴት ሥር ሲቀመጥ ማን አይቷል?

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «በገባሽ ቀን እጅሽን ይዤ ኩሽና መውሰድ ነበረብኝ። ተጽፏል ብዬ አለፍኩ። የዘሀራን እናት ግን ማንም እንዳይነግራት። እሱን እኔ እሸከመዋለሁ።» ቀጥላ ቀና ብላ፣ «ለመሆኑ አንቺ ምን ስትበዪ ነው የከረምሽው?» አለቻት።

ወዲያው ከበሩ ላይ ከምትሸጠዋ ሴት ሦስት እንቁላል አስመጣች፣ የመርፌውን ሣጥን አንስታ በዚያው ቡታጋዝ ላይ ሌላ ቆርቆሮ ጣደች። ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ክፍሉ ሙሉ ልጅ ሌላ መርፌ መጣብን ብሎ ጩኸቱን ለቀቀው፤ «አብሽሩ! አብሽሩ! እንቁላል ነው!» እያለች ቆርቆሮውን ይዛ በአልጋዎቹ መካከል ስትዞር እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። ሁዳዴ ስለነበር እሷ ራሷ አትቀምሰውም። የመጀመሪያውን ልጣ ለእኔ የምትሰጠኝ መስሎኝ አፌን ስከፍት ወደ እናቴ ዘረጋችው።

«መጀመሪያ አንቺ። አንቺ ከወደቅሽ ይኼን ልጅ ማን ያነሳልኛል?»

ከዚያ እናቴን እጇን ይዛ ኩሽና ወሰደቻት። እናቴ ኋላ ስትነግረኝ ሁለቱን ድስት በዓይኗ አየች፣ ሼህ ይማም የሚባሉትም ሽማግሌ ቢላዋቸውን እያሳዩ «ቢስሚላህ ብዬ በዚች እጄ ነው የማርደው። ለመሆኑ ውሻው ምን አለ፣ ጨው አንሶታል?» ብለው አሳቋት። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት ትለኝ ነበር። ሲስተር አጸደም ሐኪሙ ዘንድ ሄዳ «ጥፋቱ የክፍሌ ነው፣ ልጁን አንድ ሳምንት ይታገሡልኝ» ብላ ለመነች።

ዓርብ አባቴ መጣ። እናቴ ልትነግረው ፈርታ ስለነበር ሲስተር አጸደ «ለእኔ ተይው» ብላት፣ ከሰው ዓይን ለይታ ወደ ሚዛኑ ክፍል አስገባችን። ሁሉንም ነገረችው። አባቴ በዱላው ተደግፎ ይሰማ ነበር፤ ሳህኑን ተቀብሎ ቀዩን ጽሑፍ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰው፣ የሚጠፋ ይመስል። «ያዘዝኳት እኔ ነኝ» አለ፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አባቴ ያለቅሳል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ከሞቱ ይልቅ እሱ አስደነገጠኝ።

«ያዘዙት ለልጅዎ ፈርተው ነው» አለችው። «አሁን ደግሞ አቅፈው ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡልኝ። ከእኔ እጅ የእርስዎ ይሻለዋል።»

አቅፎ አስቀመጠኝ። ግማሽ ኪሎ ጨምሬ ነበር። አባቴ ሚዛኑን ማንበብ ስለማይችል የእሷን ፊት ነበር የሚያየው፣ ፊቷ ሲፈታ እሱም «አልሐምዱሊላህ» አለ።

የበልጉ ዝናብ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሲወርድ እኔ ተቀምጬ እበላ ነበር። በአልጋዬ ግርጌ የተንጠለጠለውን ካርድ አውርጄ ሲስተር አጸደን «የቱ ነው ስሜ?» እያልኩ እጠይቃት፣ እሷም እየሮጠች በጣቷ ታሳየኝ ነበር። ትምህርት ቤቴ ያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያነበብኩትን ሁሉ ራሴን አስተምሬ ነው ያነበብኩት። እኛ እስክንወጣ ድረስ አዲስ የምትገባ እናት ሁሉ ልጇ ከመተኛቱ በፊት ኩሽና ትወሰድ ነበር። ክረምቱ ሲገባ በእግሬ ወደ አርዲቦ ተመለስኩ።

የዘሀራን እናት ካደግሁ በኋላ ሐይቅ ገበያ ላይ አግኝቻታለሁ። ጉንጬን ይዛ «አንተ የኛ ዘሀራ ጎረቤት አይደለህ? አንተን ያተረፈህ ምን ነበር?» አለችኝ። ልጆቼን እውነትን አትደብቁ እያልኩ በአርጩሜ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ለእሷ ግን «አላህ» ብዬ ብቻ አለፍኩ። ልክ አደረግሁ ወይ ብባል ዛሬም አላውቅም።

አሁን የልጄ ልጅ ሐኪም ቤት ተኝቷል። ሕንፃው ፎቅ ነው፣ መርፌው አንዴ ተወግቶበት ይጣላል፣ ግድግዳው ሁሉ ጽሑፍ ነው። ትናንት ከጎናችን ልጇን ያስተኛች አንዲት የገጠር ሴት ማስታወቂያው ሥር ቆማ «አባባ፣ ምን ይላል?» ስትለኝ፣ እኔ፣ ካርድ ላይ ፊደል የቆጠርኩት፣ «ተጽፏል እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። ድምፄ የዚያ ድሬሰር ድምፅ ነበር። ሴትየዋ ነጠላዋን ሰብስባ ዞር አለች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ለባለቤቴም እንቁላል ጣጂ ያልኳት በዚህ ነው። ሦስቱም ተልጠው በሳህን ከፊቴ ተቀምጠዋል። ሐኪም ቤት ስደርስ ማስታወቂያውን ለሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አነብላታለሁ። የመጀመሪያውን እንቁላል ግን ከልጇ በፊት ለእሷ እሰጣለሁ።