ድንጋይ እየገለበጥን ከቦሌ እስከ ላምበረት

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ኦሎምፒያ

ሰዓት እላፊው ገና መነሳቱ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ጋሽ በቀለ የላንድሮቨሩን መስታወት በጋዜጣ እየወለወለ ጠበቀኝ። የውሃ መመርመሪያው ላቦራቶሪ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ መስክ ስወጣ ግን የመጀመሪያዬ። አለቃዬ ስለታመሙ ነው የተላክሁት። ቦሌ ወንዝ ዳር ልጆች በተቅማጥ እየወደቁ ነው የሚል አቤቱታ በቀበሌው በኩል መጥቷል። የይለፍ ደብዳቤዬን ሦስቴ አውጥቼ አየሁት። ማህተሙ አለ፤ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

2 ሰዓት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ

አቤቱታውን ያቀረቡት ወይዘሮ ዘነበች እንስራቸውን ሞልተው ድልድዩ አጠገብ ቆመዋል። ታናሹ ልጃቸው ታሞ ከተኛ አምስት ቀኑ ነው። ቦቲዬን አጥልቄ ውሃው ውስጥ ገባሁና ድንጋይ መገልበጥ ጀመርኩ። ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ የዛሬን ብቻ ይናገራል፤ ድንጋይ ሥር ያሉ የነፍሳት እጮች ግን ወራት እዚያው ስለሚኖሩ የከረመውን ይናገራሉ፤ ውሃ ሲበላሽ ንጹሕ የለመዱት ቀድመው ይጠፋሉ ብዬ አስረዳኋቸው። በጠርሙስ ናሙና ቀዳሁ፤ ሃያ ድንጋይም ገለበጥኩ። ቆሻሻ ውሃ የሚችል ቀይ ትል ብቻ።

«ታዲያ እንጠጣ ወይስ እንተው፣ ልጄ?»

ውጤቱ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ይመጣል አልኳቸው። ይህን ስል ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

5 ሰዓት፣ ሽቅብ

ከላምበረት ሸንተረር ወዲህ የሚወርደው ዝናብ በየጓሮውና በየቦዩ አልፎ መጨረሻው ይህችው ወንዝ ናት። የት ላይ እንደተበላሸች ለማወቅ ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው። ጭቃ፣ የአጥር ቆርቆሮ፣ የጎመን መደብ፣ ከዚያ የአንድ ፋብሪካ ረጅም ግንብ። ከግንቡ ሥር ቱቦ ወጥቶ ቡናማ ውሃ ይተፋል። ከቱቦው በላይ ድንጋይ ስገለብጥ ንጹሕ ውሃ የለመዱት ባለ ሦስት ጭራ እጮች ተርመሰመሱ። ከቱቦው በታች አንድም የለ።

ጠመንጃ ያነገተ ዘበኛ ደረሰብን። ደብዳቤው ስለ ወንዝ እንጂ ስለ ፋብሪካ አይልም ብሎ የጠርሙስ ሳጥናችንንና ማስታወሻዬን ወሰደ። ጋሽ በቀለ ለዘብ ብሎ ለመነው፤ አልሰማም። ባዶ እጃችንን ወደ መኪናው ተመለስን።

8 ሰዓት፣ ላምበረት

ወደ ሰሜን የሚሄዱ አውቶቡሶች ጥሩምባ፣ ናፍጣ፣ አቧራ። ሽሮ አዘዝን፤ አልወርድ አለኝ። ጋሽ በቀለ ሌላ ናሙና ቢቀዳ ውጤቱ መቼ እንደሚወጣ ጠየቀኝ። ሁለት ሳምንት፣ ማህተም እስኪደረግበት ደግሞ እንጃ አልኩት።

«የሴትዮዋ ልጅ እስከዚያ ምን ይጠጣል?» አለኝ።

ሳህኑን ገፍቼ ተነሳሁ።

10 ሰዓት ተኩል፣ እንደገና ቦሌ

ስንመለስ፣ ከድልድዩ ትንሽ ከፍ ብሎ በግራ በኩል ወደ ወንዙ የምትገባ ምንጭ አይቼ ወረድኩ። ድንጋዮቿ ሥር እጮቹ በሕይወት አሉ። ከዚያ ወይዘሮ ዘነበች ቤት ሄድኩና ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። የወንዙን ውሃ ተዉት፣ ከምንጯ ቅዱ፣ እጭ ስላለ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይደለምና ውሃዋንም ሳታፈሉ አትጠጡ አልኩ። ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። ሰባት ስምንት ሴቶች በሩን ሞልተው ሰሙኝ።

ይህ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣ ውጤት እንዳልሆነ፣ ያለ ማህተም መናገሬም እንደሚያስጠይቀኝ አልደበቅኋቸውም። ወይዘሮ ዘነበች ጎረቤቶቻቸውን አይተው ጠየቁኝ።

«ቀበሌው ማን ነገራችሁ ቢለን፣ ማን እንበል?»

ጋሽ በቀለ ከመኪናው ሆኖ ተመለከተኝ። ስሜን ከነአባቴ ነገርኳቸው። አንዷ ልጅ እንዳይጠፋባቸው ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።