አብሮ የሚበላ

ዛሬ ካዛንቺስ ምሳ ቤት፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችውን ልጅ «እንብላ» ስላት ከስልኳ ቀና ሳትል «ይብሉ እትዬ፣ በልቻለሁ» አለችኝ። ያዘዘችው ገና አልመጣም።

ጠዋት ኦቾሎኒ ከተጠቀለለበት የመዝገበ ቃላት ቅዳጅ «ካምፓኒየን» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል አንብቤ ነበር። ባልንጀራ ማለት ነው። በጥንቱ ላቲን ሥሩ «አብሮ ዳቦ የሚበላ» ነው። የእኛም ባልንጀራ ውስጥ እንጀራ አለ!

(እንግሊዝኛዬ በሙሉ ከኦቾሎኒ የተገኘ ነው።)

ሰፈራችን ፈርሶ ጎረቤቶቼ ከተበተኑ ወዲህ ብቻዬን ነው የምበላው። የቃሉን ነገር ለአንድ ሰው መንገር ፈልጌ ነበር።

የልጅቷ ሽሮ መጣ። ስልኳን አስቀምጣ «እንብላ እትዬ» አለችኝ።

እኔ ደግሞ በልማድ «ብዪ፣ ጠግቤያለሁ» ብዬ ተነሳሁ። እስከ ኦሎምፒያ ራሴን እየተቆጣሁ ሄድኩ።

እናንተስ፣ ዛሬ ምሳ ከማን ጋር በላችሁ?