ሎርና በማጨጃው ወንበር ላይ

ጎረቤቴ ኤልዊን ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቷል። በእኛ የአዮዋ ከተማ ግን ሰው የሚያውቀው በሣሩ ነው። ከመንገዱ እስከ በቆሎው እርሻ ድረስ የተዘረጋው ግቢው እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ለጥ ያለ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አሮጌው ቀይ ማጨጃ ላይ ተቀምጦ ሲነዳ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እጁን ያነሳለታል።

ማጨጃው አንድ አመል ነበረው። ሰው ሲቀመጥበት ወደ ግራ ያዘነብላል። ከሆዱ ሥር የተንጠለጠለውን፣ ምላጮቹን የያዘውን ሰፊ ብረት ወንበሩ ባዶ ሳለ ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው፤ ነጂው ሲወጣበት መልሶ ይዛባል። ስለዚህ ልኩ ሲወሰድ የነጂውን ያህል የሚከብድ ሰው ወንበሩ ላይ መቀመጥ አለበት። ያ ሰው ሚስቱ ሎርና ነበረች። አንድ ቀን በእህል መጋዘኑ ሚዛን ላይ በየተራ ወጥተው እኩል መጡ።

«ከእንግዲህ በወፍራም ሴት መቀለድ ቀረ» አለችው።

«እኔ እኮ ጫማዬን አላወለቅኩም» አላት።

በየዓመቱ ሚያዝያ ሲገባ ኤልዊን ሞተሩ ድንገት እንዳይነሣ ካንዴላውን ይነቅላል፤ ሎርና የአበባ ዘር መጽሔቷን ይዛ ወንበሩ ላይ ትወጣለች። እሱ የጋራዡ ሲሚንቶ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ከምላጩ ጫፍ እስከ ወለሉ ያለውን ርቀት በቀኝም በግራም በሜትር ይለካል፤ እኩል እስኪሆን ድረስ ብሎኖቹን ያጠብቃል፣ ያላላል።

«አትንቀሳቀሺ።»

«ገጽ ነው የገለጥኩት፣ ሰውዬ።»

«ገጹም ይመዝናል።»

የመጨረሻዋ ሚያዝያ ስትመጣ፣ ልጃቸው ክሪስታ በሰኔ እዚያው ግቢ ውስጥ ልትሞሸር ነበር። ኤልዊን አንድ ነገር ብቻ ይመኛል፤ ልጁ ከጓሮው በር እስከ ፖም ዛፉ ስትራመድ የቀሚሷ ጫፍ የሚሄድበት ሣር እንከን እንዳይኖረው። የሎርና ምኞት ሌላ ነበር። ሐኪሙ ሆዷ ውስጥ ስላለው ዕጢ በመጋቢት ነግሯታል፤ እሷ ደግሞ ሠርጉ ሳያልፍ ማንም እንዳይሰማ ቆርጣለች። እኛ ይህን ያወቅነው በሐምሌ ነው። እስከዚያ የባሏን ሰፋፊ ሹራቦች እየለበሰች ትወጣ ትገባ ነበር።

እንደ ልማዳቸው ተቀመጠች፤ ለካ፤ እኩል ሆነ። ወጥቶ ሲያጭድ ግን በግራ በኩል ሣሩ እስከ ሥሩ ተላጨ። በየመስመሩ ልክ እንደ ደረጃ ዝቅ ያለ ጠርዝ ወጣበት።

«ኩሽኔታው ነው» አልኩት በአጥሩ ላይ።

ኩሽኔታውን ቀየረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎማውን፣ ከዚያ ደግሞ ሞላውን። ሦስት ቅዳሜ እሷ ተቀመጠች፣ እሱ ለካ፣ ሣሩ ያው ሆነ። በሦስተኛው ከማሽኑ ሥር ሆኖ ሲቆጣት ሰማሁት።

«ቀጥ ብለሽ መቀመጥ አቃተሽ? በአንድ ጎንሽ ተጋድመሽ ይሆናል እኮ።»

«ይቅርታ፣ ኤል። ቀጥ እላለሁ።»

ሎርና በቀላሉ ይቅርታ የምትል ሴት አልነበረችም። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብን። እኛ ግን ሁለት ሽማግሌዎች ብረት ብረቱን እናይ ነበር።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ፣ ሎርና ልጇ በልጅነቷ ትጫወትበት ከነበረው አሸዋ ወደ ጋራዡ ስትመላለስ በወጥ ቤቴ መስኮት አየኋት። ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ግድግዳውን ትደገፋለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ስድስት ጊዜ ተመላለሰች። እጄን አነሳሁላት፤ ባዶውን እጇን አነሳችልኝ። አበባ ልትተክል ነው ብዬ ወደ ጋዜጣዬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ የኤልዊን የክረምት ካፖርት አስቀድሞ ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሎርና ወጥታ ተቀመጠችበት፤ እጆቿን አስገብታ እስከ ጉልበቷ ተሸፈነችበት።

«በግንቦት ካፖርት?» አላት።

«በረደኝ። ከሚስትህ ጋር ልትሟገት ነው ወይስ ብሎን ልታጠብቅ?»

ለካ። ግራው ዝቅ ብሎ አገኘው፤ ከፍ አደረገው። አጨደ። ሣሩ ዳር እስከ ዳር እኩል ሆነ።

«ያው ኩሽኔታው ነበር፤ አዲሱ ገና አሁን ተለማመደ» አለኝ መጥቶ።

«ነግሬህ ነበር» አልኩት።

በሠርጉ ቀን ሎርና ፖም ዛፉ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰው ሁሉ የሙሽራዋን ፊት ሲያይ፣ እሷ በሣሩ ላይ የሚንሸራተተውን የቀሚስ ጫፍ ታይ ነበር። ነሐሴ ሳያልቅ ቀበርናት። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሴቶቹ ያዘጋጁትን የአሳማ ሥጋና ድንች ስንበላ፣ ኤልዊን ሹካውን እንደያዘ ሳይቀምስ ተነሣ።

የመጀመሪያው ውርጭ በጣለ ዕለት በአጥሩ ላይ ጠራኝ። ካፖርቱን ፈልጎ ጋራዡ ውስጥ ከታችኛው ቁም ሳጥን አግኝቶታል፤ ግን አልነሣ ብሎታል። አብረን ጎተትነው። በኪሶቹና በተተረተረው ገበሩ ውስጥ ስድስት የሱፍ ካልሲዎቹ ነበሩ፤ አሸዋ ተሞልተው አፋቸው በነጭ ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ የሎርና ነበር፤ ጥቃቅንና እኩል።

አንድ በአንድ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ወስዶ ሚዛን ላይ ደረደራቸው። መርፌው ሠላሳ ስምንት ፓውንድ ላይ ቆመ። ኤልዊን የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ይህን ያህል ጎድላ ነበር» አለ። «እኔ ጎማ እቀይር ነበር።»

ስለ ኩሽኔታው ያልኩት ትዝ አለኝና ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

በሚቀጥለው ሚያዝያ የግራው ጎማ ክረምቱን ሙሉ ሲተነፍስ ከርሞ፣ ያ ደረጃ ሣሩ ላይ ተመለሰ። ባርኔጣዬን አድርጌ ሄድኩ።

«ልቀመጥልህ?»

«አንተ ከባድ ነህ» አለኝ፣ ሳይስቅ።

ነፋስም አልሞላውም፤ መፍቻም አላነሣም። ብሎኖቹ እሷ ወንበሩ ላይ ሆና ባጠበቃቸው ቦታ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት እንዳለ ያጭዳል፤ በግራ በኩል ዝቅ ያለው መስመር ከመንገዱ ይታያል። አላፊ አግዳሚው እጁን እያነሣ፣ «ኤልዊንም አረጀ» ይላል።