አንዱ ዓይን ሌንሱ ላይ፣ አንዱ ወረቀቱ ላይ

ብዙወርቅ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሥራ ዘመኗ የመረመረቻቸውን ሰዎች ፊት አታስታውስም። የደማቸውን መልክ ግን እስከ ዛሬ ታስታውሳለች።

በ1972 ዓ.ም. ከላብራቶሪ ትምህርት ቤት ተመርቃ አቃቂ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ስትመደብ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ቤታቸው ከባቡር ጣቢያው ብዙም አይርቅም፤ በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመለሳለች። ክፍሏ አንድ መስኮት፣ አንድ ቧንቧና በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይበት አሮጌ ማይክሮስኮፕ ነበረው። መብራት ሲጠፋ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ መስታወት ወደ መስኮቱ አዙራ በፀሐይ ብርሃን ትሠራለች። ሕመምተኞች ናሙናቸውን የሚያቀብሏት ግድግዳው ላይ በተከፈተች ቀዳዳ ነው። የምታየው እጃቸውን ነው።

ሥራ በጀመረች በዓመቷ ቁምሳጥኑን ስታጸዳ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የቆየ መጽሐፍ አገኘች። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጥገኛ ተውሳኮች መጽሐፍ ነው። ጽሑፉን ዘለለችውና ሥዕሎቹ ላይ ቀረች። የወባ ተውሳክ በቀይ የደም ሴል ውስጥ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ይታያል፤ ቀለሙ ሐምራዊ ነው፣ ጫፉ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። ፎቶ መስሏት ነበር። ጠጋ ብላ ስታይ የብሩሽ ጭረት አየች። አንድ ሰው፣ አባቷ ሳይወለዱ በፊት፣ የሆነ አገር፣ እንደ እሷ ሌንስ ላይ አጎንብሶ ያችን ቀለበት በፀጉር ቀጭን ብሩሽ ሠርቷታል። የሰውየው ስም የትም አልተጻፈም።

መጽሐፉን ለኃላፊዋ ለአቶ መገርሳ አሳየቻቸው።

«ካሜራ ሳይኖር እንዲህ ነበር የሚሠራው» አሏት። «ያየውን ያልሳለ፣ አየሁ ቢል የሚያምነው የለም። እኛም እኮ ለልምምድ ለሚመጡ ተማሪዎች የምናሳየው ፎቶ የለንም። ለምን አንቺ አትስዪልንም?»

«እኔ? እንዴት አድርጌ?»

«ሁለቱንም ዓይንሽን ክፈቺ። በግራው ሌንሱን እዪ፣ በቀኙ ወረቀቱን። መጀመሪያ ራስሽን ያምሻል። ሲለምድሽ ያየሽው ነገር ራሱ ወረቀቱ ላይ ይወድቅልሻል።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሷን አመማት። በአራተኛው ሳምንት፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ የኮሶ ትል እንቁላል ወረቀቱ ላይ ወድቆ አገኘችው። ክብ ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ወፍራም ቅርፊት ከመሃል ወደ ውጭ በሚፈነጥቁ ጭረቶች የተሞላ ነው፣ ልክ ልጆች እንደሚስሏት ፀሐይ። የእሷ ድርሻ በእርሳስ መከተል ብቻ ነበር። ሰው የሚጸየፈው ነገር ይህን ያህል ያምራል ብላ አስባ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ መሳሉን አላቆመችም። ወስፋትን፣ ጃርዲያን፣ ከመተሐራ በመጡ የቀን ሠራተኞች ደም ውስጥ ያገኘችውን ወባ፣ ሁሉንም በካርድ ላይ እየሳለች ከሥሩ ቀኑንና የሕመምተኛውን የካርድ ቁጥር ትጽፋለች። ቀለም እርሳሷን በምላጭ ትቀርጻለች። ከጤና ጣቢያው ወጥታ ቤቷ ስትገባ የምትነግረው ሰው ግን አልነበራትም። እናቷ «ደግሞ ስለ ትል ልታወሪ ነው?» ይሏትና ወጡን ያማስላሉ።

አንድ ጊዜ ለሰው አሳይታ ነበር። ቀናው ይባላል፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ዝምተኛ፣ ደግ ሰው ነው። ሽማግሌ ሊልክ አስቦ ቤታቸው ይመላለስ ነበር። አንድ እሑድ ሥዕሎቿን የምታኖርበትን ማህደር አውጥታ ጭኑ ላይ ዘረጋችለት።

«አበባ ነው?» አላት ደስ ብሎት።

«አይደለም። የወስፋት እንቁላል ነው።»

ቀናው ማህደሩን ከጭኑ ላይ አነሳው። «የሰው ሰገራ ነው እንዴ እንዲህ ቀለም የቀባሽው?» ብሎ ሳቀ። በክፋት አልነበረም። እሷም አብራው ሳቀችና ማህደሩን አጠፈች። ከዚያ በኋላም ጥቂት ጊዜ ተመላለሰ፤ ግን ስለ ሥራዋ አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችውም፣ ቀስ በቀስ ወሬ አለቀባቸው። በኋላ ሌላ አገባ። በሠርጉ ቀን ሄዳ እልል ብላለች።

በ2000 ዓ.ም. ጤና ጣቢያው ካሜራ የተገጠመለት ማይክሮስኮፕ መጣለት። አዲሱ ኃላፊ ሥዕሎቿን አገላብጦ «ይገርማል! ከእንግዲህ ግን አትልፊ» አላት። እሷ ግን ምሳ ሰዓት እየጠበቀች መሳሏን ቀጠለች። ጡረታ ስትወጣ ጋቢ አለበሷት፤ ሊወገድ የተመዘገበውን አሮጌውን ማይክሮስኮፕም እሷው ጠይቃ፣ ተፈርሞላት ወሰደችው። እናቷ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አቃቂ ያለው ቤት ለመንገድ ሲፈርስ ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገባች።

እዚያ ማንንም አታውቅም። ጎረቤቶቿ ማለዳ ወጥተው ሲመሽ የሚመለሱ ናቸው፤ ደረጃው ላይ ሲያገኟት «ደህና አደሩ እማማ» ይሏታል። እሷ ማይክሮስኮፑን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ደረጃው ጥግ የበቀለ የድንጋይ ሽበት፣ ጣሪያ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ታያለች፤ ትስላለች። በውሃው ውስጥ እንደ ብርጭቆ የጠሩ፣ ጀልባ የሚመስሉ ነገሮችን ባየች ቀን በሩን ከፍታ ኮሪደሩን ተመለከተች። ማንም አልነበረም። መልሳ ዘጋችው።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የምትስለው መስመር መጉበጥ ጀመረ። እርሳሱ ነው ብላ ቀየረችው። ወረቀቱን ቀየረች። ከዚያ ቀና ብላ የመስኮቱን ብረት ስታይ እሱም መሃሉ ላይ ጎብጧል። ግራ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች፤ ጎብጧል። ቀኙን ሸፈነች፤ ቀጥ ብሏል። የተበላሸው ወረቀቱን የምታይበት ዓይኗ ነበር።

እስከ መስከረም ለማንም አልነገረችም። የምትነግረው ሰውም አልነበራትም።

የዓይን ሆስፒታል ስትሄድ የዓይንን ውስጥ ፎቶ የምታነሳው እምነት የምትባል ወጣት ባለሙያ ነበረች። «እናቴ፣ አገጭዎን እዚህ ላይ ያድርጉ። አረንጓዴዋን ነጥብ ይዩ፣ አይጨፍኑ» አለቻት። ደማቅ ብርሃን በራ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ እውነቱን ነገራት፦ ቀኙ ከውስጥ ደምቶ ጠባሳ ሠርቷል፣ ቀደም ብለው ቢመጡ መርፌ ነበረው፣ አሁን ማዳን ያለብን ግራውን ነው፣ በየሦስት ወሩ ይምጡ።

«እሺ» አለች ብዙወርቅ። «ዶክተር፣ ፎቶውን ማየት እችላለሁ?»

ስክሪኑን አዞረላት። የበሰለ ብርቱካን የመሰለ ክብ ነው። ከአንድ ጎኑ እንደ ጨረቃ የገረጣ ቦታ አለ፤ ከእሱ የሚነሱት የደም ሥሮች ክረምት ላይ ሜዳው ላይ እንደሚከፋፈል የአቃቂ ወንዝ እየቀጠኑ፣ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። መሃሉ ላይ፣ ሥሮቹ በማይደርሱበት፣ ጠባሳው ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ ጠርዙ ላይ የጠቆረ ደም አለ። ሐኪሙ ሌላ ሰው ሊጠራ ተነሳ። እሷ አልተነሳችም።

ወደ እምነት ክፍል ተመልሳ፣ «ልጄ፣ ይህን ልስለው እፈልጋለሁ» አለቻት።

«ፎቶው እኮ አለ፣ እናቴ።»

«አውቃለሁ። እኔም ላብራቶሪ ነበርኩ።»

እምነት አየቻት። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ምስሉን አጎላችላት። ብዙወርቅ ቀኝ ዓይኗን ጨፍና፣ አንዴ ስክሪኑን አንዴ ወረቀቱን እያየች፣ በምርመራ መጠየቂያ ወረቀት ጀርባ ላይ ቀስ ብላ ሳለች። እምነት ዳቦዋን እየበላች ታያታለች።

«በቀን ስልሳ ዓይን አነሳለሁ» አለች በመጨረሻ። «ያምራል ያለኝ ሰው ግን የለም። እኔም ያምራል ማለት ነውር ይመስለኛል፤ ሰው ዓይኑ ጠፍቶበት።»

«ያምራል» አለች ብዙወርቅ። «የእኔ ስለሆነ ልበለው።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። እምነትም ምሳ ሰዓቱ እስኪያልቅ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቆመች።

ቤቷ ሄዳ በጥሩ ወረቀት ላይ ደግማ ሳለችው። አሥራ ሰባት ቀን ፈጀባት። በታኅሣሥ ቀጠሮዋ ለእምነት ልትሰጣት ይዛው ሄደች፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ሌላ ልጅ ተቀምጧል። እምነት ሐዋሳ ተዛውራለች አሏት። አድራሻዋን ለምና ተቀበለችና ሥዕሉን በሁለት ካርቶን መሃል አድርጋ በፖስታ ላከችው።

በወሩ ስልክ ተደወለ።

«ደረሰኝ፣ እናቴ። ጠረጴዛዬ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ሰው ሁሉ ምንድነው እያለ ይጠይቀኛል።»

«ምን ትያቸዋለሽ?»

«የሥራ ባልደረባዬ ናቸው የሳሉት እላለሁ። ግራውንስ መቼ ይስሉታል?»

«እሱን ገና እየተጠቀምኩበት ነው» አለች ብዙወርቅ፣ ሁለቱም ሳቁ።

አራት ደቂቃ ያህል አወሩ። እምነት ከዚያ ወዲህ አልደወለችም፤ ብዙወርቅ አልጠበቀችም ማለት ግን ይከብዳል። ስልኩን ማዕድ ቤት ስትገባም ይዛው ትገባለች።

በየሦስት ወሩ በሁለት ታክሲ ወደ ሆስፒታሉ ትሄዳለች። አዲሱ ልጅ ሥራ ይበዛበታል። ፎቶውን አንስቶ ሲጨርስ ስክሪኑን ትንሽ እንዲያዞርላት ትጠይቀዋለች። ያዞርላታል።