ያልተመሳሰለው ፊርማ

ይህ ነገር ከገጠመኝ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ እስከ ዛሬ ለማንም በዝርዝር ነግሬ አላውቅም።

ጅጅጋ ውስጥ የቀድሞ ወታደሮች ማመልከቻ በሚቀርብበት ቢሮ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አመልካቹ ፊት ለፊቴ ይፈርማል፤ እኔ ደግሞ ፊርማውን ማኅደሩ ውስጥ ካለው ጋር አመሳክሬ አሳልፋለሁ። በሰው ስም ሊፈርሙ የመጡ ሁለት ሰዎች ስለያዝኩ ባልደረቦቼ «መርማሪዋ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ምን እደብቃለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አሥር አለቃ ደምሴ የሚባል ሰው ከሚስቱ ከሆዳን ጋር መጣ። አዲጋላ በነበረ ካምፕ ለዓመታት አገልግሎ ከተሰናበተ ዓመት አልፎታል። ያመለከተው በሕመሙ ምክንያት የጉዳት ጡረታ እንዲከበርለት ነው። ቅጹን ሰጠሁት። የፈረመው ዶሮ የጫረው ይመስላል። ማኅደሩ ውስጥ ያለው ግን ጅራቱ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚሄድ የሚያምር ፊርማ ነው።

«በደንብ ይፈርሙ እንጂ» አልኩት። አምስት ጊዜ አስፈረምኩት፤ አንዱም አልተመሳሰለም። ሆዳን ልትናገር ስትል በዓይኑ ከለከላት። እኔ ወረቀቱን እንጂ ሰውየውን አላየሁም። «ፊርማው አይመሳሰልም» ብዬ ጽፌ መለስኩት። ሆዳን ወረቀቱን ተቀብላኝ ወጡ።

ማንነቱን በቀበሌና በምስክር እስኪያረጋግጥ ሦስት ወር ፈጀ። ከዚያ ጉዳዩ ወደ ሐኪሞች ቦርድ ሄደ።

ቀጥሎ ሆዳን ብቻዋን መጣች። የያዘችው የቦርዱን መልስ ነበር፤ ሕመሙ በአገልግሎት ላይ እያለ ለመጀመሩ ማስረጃ ካልቀረበ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል ይላል። የተሰጣት ጊዜ አንድ ወር ነው።

«ዋላል» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው። «እጁ ሞተ። አሁን ምላሱም እየሞተ ነው።»

አዲስ አበባ ያየው ሐኪም ጡንቻን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ቀስ በቀስ የሚሞቱበት በሽታ ነው፣ መድኃኒትም የለውም ብሏቸዋል። የጀመረው ከቀኝ እጁ ጣቶች ነው። ካምፕ እያለ ለምን እንዳልታከመ ጠየቅኳት። ጠመንጃዬን ነጥቀው ወደ ቤት ይልኩኛል ብሎ ፈርቶ ደበቀ አለችኝ። ቀጥላም ልትከላከልለት ፈልጋ ነው መሰለኝ፣ አንድም ቀን ከሥራ ቀርቶ አያውቅም አለች።

«ዘብ ሲረከብ ይፈርማል፣ ሲያስረክብ ይፈርማል። እዩት መዝገቡን።»

ይህን ስትል የመጋዘኑን ቁልፍ አነሳሁ። ካምፑ ሲዘጋ መዝገቦቹ የተጣሉት እኛ መጋዘን ውስጥ ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ ውስጥ ገብቼ ፈለግኩ። የዘብ መረካከቢያው ተገኘ። በመጀመሪያው መዝገብ ላይ ፊርማው ያ የሚያምረው ነው። እያገላበጥኩ ስሄድ ጅራቱ እያጠረ መጣ፣ በኋላም ጠፋ። ከመሰናበቱ ስምንት ወር በፊት የፈረመው፣ እኔ አይመሳሰልም ብዬ ከመለስኩት ጋር ቁርጥ አንድ ነበር። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ገጾቹን በየቀናቸው ቅደም ተከተል ኮፒ አስደርጌ፣ በኃላፊያችን ደብዳቤ ወደ ቦርዱ አስላክሁ። ቦርዱ ሕመሙ በአገልግሎት ላይ የጀመረ መሆኑን ተቀበለ።

ውሳኔውን ባለመብቱ ራሱ ፈርሞ መቀበል አለበት። የቀለም ስታምፓዴን ይዤ በባጃጅ ቤታቸው ሄድኩ። ከሲታ ሆኖ ተኝቷል፤ መናገር አቁሟል። አውራ ጣቱን እኔው አንስቼ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። እጁ ምንም ክብደት አልነበረውም።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩት።

ዓይኑን ወደ ሆዳን መለሰ። እሷም ስለሱ ሆና ነገረችኝ። ያን ዕለት ከቢሮ ወጥተው ባጃጅ ውስጥ ስትረግመኝ ተቆጥቷት ነበር።

«ምን አለ መሰለሽ? ‹ልጅቷን አትርገሚያት፣ እውነቷን ነው። ያ ፊርማ የኔ አይደለም› አለ።»

ከሁለት ወር በኋላ አረፈ። ሆዳን ሁለት ሴት ልጆቿን በጡረታው ታሳድጋለች። ገበያ ላይ ስታገኘኝ ዛሬም ዋላል ትለኛለች፣ ልጆቿም ይስሙኛል።

እኔ አሁንም ፊርማ አመሳክራለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ፊርማው ሲለይብኝ ግን መጀመሪያ ቀና ብዬ የፈራሚውን እጅ አያለሁ። ይቅር እንዳለኝ አውቃለሁ። አንዳንዴ ግን ምነው የሆዳንን እርግማን ባላስቆመልኝ እላለሁ፤ ከይቅርታው እርግማኑ ይቀለኝ ነበር።