ሲቭ እና የሐሙስ ሾርባ

ሲቭ ሄድሉንድ በሥራ ዘመኗ ለስንት ሺህ ወንድ "እንዳትነቃነቅ" እንዳለች እሷም አታውቅም። የፕሮስቴት ካንሰር በፕሮቶን ጨረር በምናክምበት ክፍል እኔ ስክሪን ፊት ተቀምጬ የራጅ ምስል አነባለሁ፤ ሰውየውን አልጋው ላይ የምታስተካክለው ሲቭ ናት። ነርስ ከመሆኗ በፊት መጋረጃ ትሰፋ ነበር፤ ጠማማ ነገር ስታይ እስከ ዛሬ እጇን ይበላታል። ሕመምተኞቹን እንዳይቀዘቅዛቸው እጇን ቀድማ በሙቅ ውሃ ትታጠባለች። ምላሷ ግን እንደ እጇ አይለሰልስም።

"ሱሪህን ዝቅ አድርግ። ያላየሁት የለም፣ የገረመኝም የለም" ትላቸዋለች።

እየሳቁ ይተኛሉ። የሳቀ ሰው ሰውነቱ ይላላል፤ እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ነው።

ባለፈው በጋ ሃልቫር መጣ። ስትሬምናስ ከሚባል የሰሜን መንደር የመጣ የስልሳ ስምንት ዓመት አናጢ ነው፤ የመንደሩን የአጋዘን አደን ሃያ ስድስት ዓመት መርቷል። አደኑ የሚከፈተው በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ ነው። ለጓደኞቹ መታመሙን አልነገራቸውም፤ "ኮምፒውተር ልማር ነው" ብሎ ነበር የወጣው።

"ከሰሙማ ሽንት ቤት የገባሁበትን ሁሉ ይቆጥሩልኛል" አለን። "ሰኞ ከሌለሁ ደግሞ ይነቁብኛል። ስለዚህ ሰኞ እዚያ መሆን አለብኝ።"

ሥራችን እንዲህ ነው። ፕሮስቴቱ ውስጥ ሦስት የወርቅ ቅንጣቶች ተቀብረዋል። በየቀኑ ራጅ አንስተን ቅንጣቶቹ በዕቅዱ ቦታ መሆናቸውን እናያለን፤ ትንሽ ከተዛነፉ አልጋውን በሚሊሜትር እናንቀሳቅሳለን። አንጀት በንፋስ ሲነፋ ግን ፕሮስቴቱን ይገፋዋል፣ ያጣምመዋል፤ ያኔ አልጋ ማንቀሳቀስ አይበቃም። ሰውየው ይወርድና ንፋሱ እስኪወጣለት ኮሪደሩን ይዞራል። ሃልቫር ከሰኞ እስከ ሐሙስ ልክ ነበር፤ ዓርብ ሲሆን ግን ጉድ ይፈላል። ሁለት ዓርብ ጭራሽ ሳይታከም ተመለሰ። የመጨረሻ ቀኑ ተገፋና ከአደኑ በፊት ያለችው ዓርብ ላይ አረፈ። እሷም ከከሸፈች ሰኞ የሚውለው እኛ ጋ ነው።

"ሐሙስ ሐሙስ ምንድነው የምትበላው?" አለችው ሲቭ አንድ ቀን።

"ሐሙስ ምን ይበላል? የአተር ሾርባ ነዋ! ከወታደር ቤት ጀምሮ ሌላ በልቼ አላውቅም።"

አፈርኩ። በአገራችን ሐሙስ የአተር ሾርባ ቀን ነው፤ ሁላችንም ያንኑ እየጠጣን ሆድ እንደሚነፋ አንዳችንም አላሰብነውም።

"የሰጠንህ ወረቀት ላይ አተር ክልክል ነው ይላል እኮ!" አልኩት።

"እሱ ስለ ምግብ ነው" አለኝ ተገርሞ። "ይሄ ሐሙስ ነው።"

ሲቭ ለዕድል አልተወችውም። የመጨረሻዋ ሐሙስ ራሷ ምሳ ጋበዘችው። እኔም አብሬ ሄድኩ። ምግብ ቤቱ ሙሉ ሾርባውን ሲምገው፣ እሷ ለራሷና ለእሱ የተቀቀለ ዓሣ አዘዘች።

"ይሄ በጠላት አይደረግም" አለ ሃልቫር የጎረቤቱን ሳህን እያየ።

"ዝም ብለህ ብላ። እኔስ ላንተ ብዬ ትቼው የለ እንዴ!"

ዓርብ ጠዋት ሲቭ አስተኛችውና ወደ እኔ መጣች። ምስሉ እስኪወጣ መተንፈስ ረሳሁ። ሦስቱም ቅንጣቶች ቦታቸው ላይ ነበሩ።

"ልክ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ዕንባዬ መጣ፤ ለምን እዋሻለሁ።

"ቀስ በል፣ እንዳታስደነግጠው" አለችኝ። የእሷም ዓይን ግን ደረቅ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሃልቫር ባቡሩን ተሳፈረ። ሰኞ ረፋድ ላይ የክፍላችን ስልክ ጮኸ፤ ሲቭ ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሳችው።

"ሲቭ፣ ሃልቫር ነኝ። ጠዋት እሳቱ ዳር ለአዳኞቹ የሚያደቡበትን ቦታ ሳከፋፍል፣ 'ትምህርቱ እንዴት ነበር?' አሉኝ። ነገርኳቸው።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ወርቁንም፣ ፈሱንም። ሞቱ በሳቅ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከዚያ ኤቨርት የሚባለው የአደን ጓደኛዬ ለብቻ ወሰደኝ። ሌሊት አምስቴ እየተነሳ ይሸናል፤ አንዳንዴም ደም አለው። ዓመት ሊሞላው ነው፣ ለሚስቱም አልነገራትም። የት ነው የሚደወለው ይለኛል።"

ሲቭ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እስክሪብቶም አነሳች።

"ስልኩን ስጠው" አለች።

"አሁን? አደኑ ሊጀመር ነው እኮ!"

"አሁን። አጋዘኑ ይጠብቅ።"